የመምህሩ እግርና ያልጮኸችው ደወል

ወደዚያ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ የገባ ሰው ሁሉ፣ መሪ ከመጨበጡ በፊት ስለ አባ ልጓም ቀኝ እግር ይሰማ ነበር። አባ ልጓም እናትና አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ከተማሪ ጎን ተቀምጦ፣ እግሩን በሁለተኛው የፍሬን ፔዳል ላይ አንዣቦ፣ አንዲት ድመት እንኳ ሳያስገጭ በመኖሩ ተማሪዎቹ የሰጡት ማዕረግ ነው። ሰውየው ግን በቅጽል ስሙ ሲጠሩት ደስ ብሎት አያውቅም፤ ዞር ሲል ሌላ ስም የሚጨምሩበት ይመስለዋል።

መጠርጠር አብሮት የተፈጠረ ጠባይ ነበር። መኪና ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል፤ አራቱንም ጎማ በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል፤ ከዚያም የተማሪውን ጫማ ይመረምራል። ሻይ ቤት ሲቀመጥ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ቢሆንም የእጅ ጽሑፉ እንደ ተሰለፈ ወታደር ቀጥ ያለ ነበር፤ የጻፈውን ወረቀት ሁሉ ግልባጩን አስቀርቶ በሣጥን ይቆልፍበታል። ሚስቱ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ብትችል ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቀው ነበር" ትለዋለች። እሱም ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት ሳይታይ፣ "ጥላዬ የማን ወዳጅ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?" ብሎ ይመልስላታል።

የማስተማር ዘዴው አንድ ነበር። ባዶ የክብሪት ሣጥን አምጥቶ በዳሽቦርዱ ላይ በጠርዟ ያቆማታል። ተማሪው ፍሬን ሲይዝ ሣጥኗ ከወደቀች ትምህርቱ እንደገና ከሀ ይጀመራል። "ፔዳሉ ዕንቁላል ነው" ይል ነበር። "ዕንቁላል አይረገጥም። እግር ይቀመጥበታል እንጂ።" በእሱ እጅ ያለፈ ሹፌር መኪና ሲያቆም፣ ተሳፋሪው መቆሙን የሚያውቀው በመስኮት ሲያይ ብቻ ነው እየተባለ ይወራ ነበር።

ማሠልጠኛውም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከመምህሩ ፔዳል ሥር ትንሽ ደወል ተገጥማለች፤ መምህሩ ሲረግጥ ትጮኻለች፤ ተማሪው ሲረግጥ ግን ድምፅ የላትም። በጮኸች ቁጥር መምህሩ "የእግር መዝገብ" በሚባለው ደብተር ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና እግሩን ያስገባበትን ምክንያት ይጽፋል። ግጭት ደርሶ "ተማሪው ፍሬን አልያዘም" ተብሎ የተጻፈበት ሰው ከዚያ ዙር የፈተና ዝርዝር ይሰረዛል። ይግባኝ የለውም፤ ከመምህሩ ቃል በላይ ምስክር አይጠራም።

ከስምንት ወር በፊት ሥራ አስኪያጁ ሃይብሪድ የሚባለውን መኪና አመጣ። ሥራ አስኪያጁ የአባ ልጓም ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ ልጅ እያለ ብስክሌት ያስተማረው አባ ልጓም በመሆኑ እስከ ዛሬ ጋሼ ይለዋል። መኪናው ጊዜ በቤንዚን፣ ጊዜ በባትሪ የሚሄድ፣ ሲነሳ ድምፅ የማያሰማ ነበር። አባ ልጓም ሦስት ጊዜ ዞረው።

"ተነሥቷል?" አለ።

"ተነሥቷል፣ ጋሼ።"

"ማን መሰከረ?"

በዚያው ሳምንት የመጀመሪያውን የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፈ፦ መኪናው ሳይነሳ የሚሄድ በመሆኑ ሰው በድንገት ሊድጥ ይችላል። በሁለተኛው ወር ሁለተኛውን ጻፈ፦ መኪናው ከጠፋ በኋላም ከኋላ ወንበር ሥር ያጉረመርማል፤ የሚያወራው ከማን ጋር እንደሆነ ይጣራልኝ። ሦስተኛው ደብዳቤ፣ ፍሬኑ አንዳንድ ጊዜ "እጅ ይለቃል" የሚል ነበር። ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያውን አነበበ፤ የሁለተኛውን ግማሽ አንብቦ ሳቀ፤ ሦስተኛውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ጨመረው። "ጋሼ፣ መኪናው አይሰልልዎትም" አለ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

ሦስተኛው ደብዳቤ እውነት እንደነበረ የሚያውቅ አልነበረም። አባ ልጓም ራሱም በሙሉ ልቡ አያምነውም ነበር። ምክንያቱም ከዚያ መኪና ይልቅ የሚጠረጥረው ሌላ ነገር ነበረው፤ ስለ እሱ ደግሞ ለማንም ደብዳቤ አልጻፈም።

ክረምቱ ከገባ ጀምሮ የቀኝ እግሩ ጣቶች መጀመሪያ ጉንዳን እንደወረራቸው ያህል ይነዝሩት ነበር። በኋላ ጉንዳኑ ሄደ። ጉንዳኑ ሲሄድ ግን አብሮት ስሜቱም ሄደ። አንድ ቀን ማለዳ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ሲሄድ ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ኮሪደር ላይ ቀረ፤ እሱ ግን እንደተጫማ ሰው ሆኖ ቁርስ ቀረበ። ሚስቱ ጫማውን አንሥታ አምጥታ ከፊቱ አስቀመጠች። አየችው። "ማሰሪያው ላልቷል" አለ። በማግስቱ አዲስ ገዛ። አዲሱም ኮሪደር ላይ ቀረ።

በዚህ መካከል ነበር አዋላጇ የተመዘገበችው። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ በጤና ጣቢያው ሃያ ዓመት ሙሉ ሕፃናት ተቀብላለች፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል። ጤና ጣቢያው ከከተማው ዳር ላሉ ነፍሰ ጡሮች የምትሆን አንዲት መኪና ተሰጥታው ነበር። ኃላፊው እስከ ወሩ መጨረሻ መንጃ ፈቃድ ይዞ የቀረበ ሠራተኛ ሥራውን ይረከባል ብሏል። አዋላጇ ይህን ሥራ የፈለገችበት ምክንያት አጭር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አንዲት ወላድ ለመሄድ ቦርሳዋን ይዛ በጤና ጣቢያው በር ላይ ሹፌር ስትጠብቅ ሁለት ሰዓት ቆማ ነበር። ሹፌሩ መጣ፤ ሄዱ፤ ደረሱ። እናትየዋ ግን አልጠበቀቻቸውም። ይህን ለአባ ልጓም የነገረችው በመጀመሪያው ቀን፣ የመቀመጫ ቀበቶዋን እያሰረች ነበር፤ ከዚያ በኋላ ደግማ አላነሣችውም።

ጥሩ ተማሪ ነበረች። የክብሪት ሣጥኗ በሦስተኛው ቀን መውደቅ አቆመች። በነጩ የሥራ ጫማዋ ፔዳሉን ስትይዝ፣ አባ ልጓም ለማንም የማይሰጠውን ነገር፣ ዝምታን፣ ይሰጣት ነበር።

ግጭቱ የደረሰው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በአናጢው ቁልቁለት ነው። ቁልቁለቱ አጭር ነው፤ ከግርጌው የአናጢው ሱቅ አለ፤ ከሱቁ ትንሽ ከፍ ብሎ መንገዱ መካከል የብረት የቦይ ክዳን ተጋድሟል። አናጢው የጨረሳቸውን በሮች ከግድግዳው ጋር አስደግፎ፣ ከፊታቸው በርጩማ አስቀምጦ መሥራት ይወዳል።

"ይህ መኪና እንደ አራስ ቤት ጸጥ ያለ ነው፣ መምህር" አለች አዋላጇ እየወረደች።

"ጸጥ ያለ ነገር አይታመንም፣ ሲስተር።"

"በእሱስ ልክ ነዎት። እኔም ሕፃን ሲያለቅስ ነው የምስቀው። ዝም ያለ ቀን ነው የምደነግጠው።"

"ወደ መንገዱ ይመልከቱ።"

"እያየሁ ነው። ክብሪቷን ነው የሚያዩት እርስዎ።"

ፍሬን ያዘች። አባ ልጓም እንደ ልማዱ እግሯን አየ፤ ነጩ ጫማ ፔዳሉ ላይ ነበር፤ እሱ ባስተማራት አያያዝ፣ ዕንቁላል ላይ እንደተቀመጠ እግር። መኪናው ፍጥነቱን እየቀነሰ ወረደ። የፊት ጎማው የቦይ ክዳኑን ሲነካ ግን፣ አንድ ሰው ከኋላ በገመድ ይዞት ኖሮ ገመዱን የለቀቀው ያህል፣ መኪናው ወደ ፊት ተንደረደረ። አባ ልጓም እግሩን ላከ። መላኩን በእርግጥ ያውቃል። መድረሱን ግን አላወቀም። ነጩ ጫማ በኃይል ሲጫን አየ፤ መኪናው ቆመ። ከመቆሙ በፊት ግን በርጩማውን ሰባብሮ፣ ሦስት በሮች አንዱን ባንዱ ላይ ጥሎ ነበር። የክብሪት ሣጥኗ ከመቀመጫው ሥር ገባች።

አናጢው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ከሱቁ ወጣ። መኪናውን አላየም፣ በሮቹንም አላየም። ያየው በርጩማውን ነው። "እዚያ ላይ ነበርኩ" አለ ቀስ ብሎ። "ስኳር አነሰኝና ልጨምር ገባሁ።" አዋላጇ ፈጥና ወርዳ ብርጭቆውን ተቀበለችው፤ ከዚያ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው።

አባ ልጓም ከመቀመጫው አልተነሣም። ደብተሩን አወጣ። እስክሪብቶውን ይዞ ጥቂት ቆየ። "ተማሪዋ ፍሬን ይዛ ነበር" ብሎ ቢጽፍ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እርስዎስ? የሚል።  ስለዚህ በዚያ ቀጥ ባለ ጽሕፈቱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "በአናጢው ቁልቁለት። ተማሪዋ ፍሬን አልያዘችም። መኪናውን መምህሩ አቆመ።"

አዋላጇ ተመልሳ በመስኮቱ ጎንበስ ስትል አነበበችው።

"ይዤ ነበር፣ መምህር።"

"ያየሁትን ነው የጻፍኩት።"

 ቦርሳዋን ከኋላ ወንበር አንሥታ በእግሯ ሄደች።

ዓርብ ዕለት ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን አይቶ ስሟን ሰረዘ፤ አዲሱን ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈ። ጋሼ መኪናውን በጊዜው በማቆሙም በሠራተኞች ፊት አመሰገነው። አባ ልጓም ምስጋናውን የተቀበለው እንደ መጥሪያ ወረቀት ነው፤ ሁለት ጊዜ ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

አዋላጇ ቅዳሜ ጠዋት መጣች። አባ ልጓም ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ቆሞ የአሮጌዎቹን መኪኖች ጎማ እየመታ ነበር። ሊጣሉት የሚመጡ ሰዎችን በአረማመዳቸው ያውቃቸዋል፤ የእሷ አረማመድ ግን የጠብ አልነበረም።

"ዝርዝሩን አየሁ" አለች። "ስለ እሱ አልመጣሁም።"

"ታዲያ ስለ ምን?"

"ልጠይቅዎ ነው። እግሬን አይተው ነበር?"

ጎማውን አንዴ መታ። "ለምን ይጠይቁኛል?"

"ሁልጊዜ የሚያዩት የተማሪውን እግር ስለሆነ። እኔ ይዤ ነበር ብዬ አምናለሁ። እርስዎ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሲያዩ የኖሩ ሰው ነዎት። እርስዎ አልያዘችም ካሉ፣ ምናልባት ያልያዝኩትን የያዝኩ እየመሰለኝ ይሆናል።" የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። "ትናንት አንዲት ወላድ መጣች። የሕፃኑ ራስ በየት በኩል እንዳለ በእጄ ዳሰስኩ፤ አወቅሁት። ከዚያ ቆም ብዬ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ አልኩ ራሴን። ባልደረባዬን ጠርቼ አስዳሰስኳት። በሃያ ዓመት አድርጌው የማላውቀውን። ልክ ነበርኩ። ግን ጠራኋት። ዛሬም ሌላ ወላድ ብትመጣ ባልደረባዬን እጠራለሁ። ጠርቼ የማገኘው ሰው በሌለበት ሌሊት ምን አደርጋለሁ?"

 ዓይኑን ከነጩ ጫማዋ ማንሣት አቃተው።

"አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም" አለች ልትሄድ ስትል። "ደወልዎን አልሰማሁም።"

"ደወሏ ተበላሽታ ይሆናል።"

"ይሆናል" አለች አዋላጇ፤ ሄደች።

ደወሏ አልተበላሸችም ነበር። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ አባ ልጓም ወደ መኪናው ሄዶ በሩን ከፍቶ፣ ፔዳሉን በእጁ ተጫነው። ደወሏ እንደ ቤት ጠባቂ ውሻ ጮኸች።

ቤት ሲደርስ ምሳ ቀርቦ ነበር። ሚስቱ ፊቱን አይታ ማንኪያውን አስቀመጠች።

"ምን ሆነሃል?"

"ምን ሆንኩ?"

"ወንድሜ፣ ጋሼ ጀግና ሆነልን እያለ ደወለልኝ። አንተ ግን ፊትህ የሌባ ፊት ነው።"

"የሌባ ፊት የት ታውቂያለሽ?"

"ሠላሳ ዓመት ሰውን ሁሉ እንዴት እንደምታይ አይቼ አይደለም? ዛሬ ከመስተዋቱ ፊት ቆመህ ራስህን በዚያ ዓይን አየህ።" ወደ እግሩ አመለከተች። "ነጠላ ጫማህ ደግሞ ኮሪደር ላይ ነው ያለው።"

ወደ ታች ተመለከተ። ቀኝ እግሩ ባዶ ነበር። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ ግን አልተሰማውም።

"ለማን ነግረሃል?" አለች።

"ምኑን?"

"ይሁን" አለች። "እንግዲያው ለእኔም አልነገርከኝም።" ማንኪያዋን አንሥታ መብላት ቀጠለች፤ ቀስ እያለች፣ እሱን ሳታይ።

ሰኞ ጠዋት ወደ መካኒኩ ሄደ። መካኒኩ የባትሪ መኪኖችን ብቻ የሚሠራ፣ እጁ ላይ ቅባት የማይታይበት ሰው ነው፤ ለዚህም አባ ልጓም አምኖት አያውቅም። ቅባት የሌለበትን መካኒክ ዱቄት ከሌለበት ወፍጮ ቤት ጋር ያነጻጽረው ነበር። ቢሆንም ሄዶ፣ "መኪናው አናጢው ጋ እጅ ይለቃል፤ አብረህ ና" አለው። መካኒኩ መሣሪያውን ከመኪናው ጋር አገናኝቶ ብዙ አነበበ፤ ከዚያ ራሱ መሪ ይዞ፣ አባ ልጓምን በመምህሩ ወንበር አስቀምጦ ወደ ቁልቁለቱ ነዳ። አናጢው ሲመጡ አይቶ አዲሱን በርጩማውን ይዞ ሱቁ ውስጥ ገባ።

መካኒኩ ለስለስ አድርጎ ፍሬን ያዘ። ጎማው ክዳኑን ነካ። መኪናው እጅ ለቀቀ። መካኒኩ ወዲያው ጠበቅ አድርጎ ሲረግጥ ቆመ።

"አየህ?" አለ አባ ልጓም። በሕይወቱ እንዲህ የተደሰተበት ቀን ትዝ አይለውም ነበር። "አየህ? ሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ጽፌዋለሁ። ግልባጩ አለኝ።"

"አየሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጋሼ። በዚህ መኪና ለስለስ አድርገው ሲይዙ የሚያቆመው የፍሬን ሸራው አይደለም። ባትሪውን የሚሞላው ሞተር ነው ጎማውን የሚይዘው። ጎማው ብረት ላይ ሲንሸራተት ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ልቀቅ፣ ሸራውን ያዝ ይላቸዋል። ርክክብ ነው እንግዲህ። በርክክቡ መካከል፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣ ማንም አልያዘም።"

"ማንም?"

"ማንም። የዚህኛው ደግሞ ከልኩ በላይ ዘግይቷል፤ መታየት አለበት። ግን ጠበቅ አድርጎ የረገጠ ሰው ሸራውን ወዲያው ያገኘዋል። የሚያስቸግረው እንደ ዕንቁላል የሚይዝ ሰው ነው።" መካኒኩ የእሱ ተማሪ አልነበረም፤ ዕንቁላሉን ከማን እንደሰማው እንኳ ያወቀ አይመስልም። አባ ልጓም ደስታው ከግማሽ በላይ እንደወረደ ተሰማው።

"አንዴ እንድገመው" አለ መካኒኩ። "አሁን እኔ ለስለስ አድርጌ እይዛለሁ፤ ሲለቀን እርስዎ ይርገጡ። የመምህሩ ፔዳል በደንብ የተያያዘ መሆኑን ልይ።"

ወደ ላይ ተመለሱ። ወረዱ። ጎማው ክዳኑን ሲነካ አባ ልጓም ረገጠ። በሙሉ ኃይሉ ረገጠ። መኪናው ግን ቀጠለ፤ መካኒኩ በራሱ ፔዳል አቆመው፤ አናጢው ከሱቁ ውስጥ አንገቱን አውጥቶ መልሶ አስገባ።

"ጋሼ፣ ለምን አልረገጡም?"

"ረግጫለሁ።"

"ደወሏ አልጮኸችም።"

ሁለቱም ወደ ታች አዩ። የአባ ልጓም ቀኝ እግር ከፔዳሉ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ምንጣፉ ላይ በሙሉ ኃይሉ ተጭኖ ነበር። አሁንም እየረገጠ ነበር። መካኒኩ ዓይኑን አንሥቶ ወደ አናጢው በሮች መለሰ፤ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልጨመረም፤ እየተመለሱ ሳለም አባ ልጓም ለመጀመሪያ ጊዜ ያመነው ቅባት የሌለበት መካኒክ እሱ ሆነ።

እንግዲህ መኪናውን መጠርጠሩ ልክ ነበር፤ እግሩን መጠርጠሩም ልክ ነበር። ያልጠረጠረው አንድ ነገር የገዛ እጁን ጽሕፈት ነው፤ ያ ደግሞ ማታለያ መሆኑን አስቀድሞ ያውቅ ነበርና መጠርጠር አላስፈለገውም።

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ነበር። አባ ልጓም ሳይቀመጥ የእግር መዝገቡን ገለጠ፤ የማክሰኞውን መስመር አልሰረዘም፤ ምክንያቱም ስርዝ ያለበት መዝገብ አይታመንም። ከሥሩ ጻፈ፦ "ከላይ የተጻፈው ውሸት ነው። ተማሪዋ ፍሬን ይዛ ነበር፤ እኔ እንዳስተማርኳት ይዛ ነበር። መኪናው በቦይ ክዳኑ ላይ እጅ ለቀቀ። የመምህሩ እግር አልደረሰም። መኪናውን ያቆመችው ተማሪዋ ናት።" ፈረመበት። ከዚያ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

"ይህስ ምንድን ነው?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"አራተኛ ደብዳቤ።"

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ መዝገቡን አነበበ። ከዚያ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበ። መኪናው ተፈትሾ እስኪመለስ ድረስ ተማሪ እንዳይነዳው፣ ሲመለስም ተማሪዎች ጠበቅ አድርጎ መርገጥ እንዲለማመዱ፣ የክብሪት ሣጥን ማቆም እንዲቀር ይላል። ከታች ደግሞ የመምህሩ ቀኝ እግር እንዲመረመር ይላል። ፊቱ እየከበደ ሄደ።

"ጋሼ፣ ይህን ከጻፉ እኮ በዚያ ወንበር ላይ ላስቀምጥዎ አልችልም።"

"አውቃለሁ።"

"ለምን ቀድሞ አልነገሩኝም?"

"መሳቢያህን ክፈትና ሦስተኛውን አንብብ" አለ አባ ልጓም። "ከዚያ የቀረውን እኔን ትጠይቃለህ። ግማሹ ያንተ፣ ግማሹ የእኔ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ መሳቢያውን አልከፈተም። ማስታወቂያ ሰሌዳው ወዳለበት ኮሪደር ወጣ፤ ሲመለስ ዝርዝሩን በእጁ ይዞ ነበር። የአዋላጇን ስም በእጅ ጽፎ ከታች ጨመረ፤ ጽሕፈቱ እንደ አማቹ ቀጥ ያለ አልነበረም። "ፈተናው ሐሙስ ነው" አለ። "ትመጣ እንደሆነ እንጃ።"

አባ ልጓምም ይህን ነበር የማያውቀው። ለምሳ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው መዝገቡን ይዞ ጤና ጣቢያው ደረሰ። የማዋለጃ ክፍሉ በር ዝግ ነበር፤ ከውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ድምፁ ቆመ፤ ከዚያ ሌላ፣ ቀጭንና የተቆጣ ድምፅ ተተካ። እሱ በእንጨት አግዳሚው ላይ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጦ ጠበቀ። አዋላጇ እጇን እየጠረገች ወጣች።

"ባልደረባዎን ጠርተው ነበር?" አለ ሳይነሣ።

ወዲያው ገባት። "ጠርቼ ነበር" አለች።

"ሌላ ጊዜ አይጥሯት።" ደብተሩን ገልጦ ዘረጋላት። አነበበችው። ከዚያ የላይኛውን መስመር፣ የማክሰኞውን፣ ደግማ አነበበች። ፊቷ ላይ ደስታ አልታየም።

"እግሬን አይተውት ነበር ማለት ነው።"

"አይቼው ነበር።"

"አይተውት ጻፉ።"

"አይቼው ጻፍኩ።"

ደብተሩን ዘግታ መለሰችለት። አባ ልጓም ስድብ ጠበቀ፤ ስድብ ቢመጣ ይቀለው ነበር። እሷ ግን አግዳሚው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች።

"ጫማዎን ያውልቁ።"

"የመጣሁት ለዚህ አይደለም፣ ሲስተር።"

"የእግር መዝገቡ 'አልደረሰም' ይላል። ለምን እንዳልደረሰ ልይ። የቀኙን።"

ጫማውን ፈታ። ሲያወልቀው የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ከውስጡ ወድቃ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች። ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበረች፤ የእግሩን መርገጫ አቁስላ ካልሲውን በደም አርሳዋለች። ሁለቱም ጠጠሯን አዩ። አዋላጇ ካልሲውን ቀስ ብላ ገፈፈች፤ የውስጥ እግሩን ገልብጣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች፤ ከዚያ ከኪሷ እርሳስ አወጣች።

"ዓይንዎን ይጨፍኑ" አለች።

አባ ልጓም በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ ከእንቅልፍ በቀር፣ በሰው ፊት ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም። ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ጨፈነ።

"ሲነካዎት ይንገሩኝ።"

ጠበቀ። ከዝጉ በር ኋላ ሕፃኑ ማልቀሱን ቀጥሏል። አንድ ሰው በኮሪደሩ አለፈ፤ ማን እንደሆነ አላወቀም፤ ዓይኑንም አልገለጠም።

"ይጀምሩ እንጂ" አለ በመጨረሻ።

"ጨርሻለሁ፣ መምህር" አለች አዋላጇ።